ይህን ጭረት ማን ጫረው? ስለ ከባድ መድፍ ሞዴሎች የተደረገ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን አመሻችሁ?

ግድግዳ ተደግፋችሁ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ለፊት ሁለት ወንበር አለ። ኑ ተቀመጡ። አትፍሩ፣ መድፉ አይተኩስም።

አዘጋጆቹን ከልብ አመሰግናለሁ። ስትጋብዙኝ «ስለ ከባድ መድፍ ሞዴል አርባ ደቂቃ ያህል ብታወራልን» አላችሁኝ። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ሳቀች። «አንተን ማስጀመር መች ያስቸግራል? ጭንቁ ማስቆሙ ነው» አለችኝ። ስለዚህ ሰዓት የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ። አንተ ወንድሜ፣ ከኋላ የተቀመጥከው። አዎ፣ አንተ። ሰዓቱ ሲያልቅ እጅህን አውጣልኝ።

ሦስት ነጥብ ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛው ስለ ልክ ነው፣ ስኬል የምንለው። ሁለተኛው ስለ መገጣጠም። ሦስተኛው ስለ ማጎሳቆል። ብዙዎቻችሁ «ዌዘሪንግ» ትሉታላችሁ። እኔ ማጎሳቆል ማለት ይቀናኛል። የምንሠራው እሱኑ አይደል? አዲስ የተቀባ ነገር ወስደን ፀሐይ የመታው፣ ዝናብ የደበደበው፣ ጭቃ የበላው፣ ሰው የረገጠው እናስመስለዋለን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የመጣሁት ለሦስተኛው ነጥብ ነው። ሁለቱን እንደ መግቢያ ቁጠሩልኝ።

እሺ፣ ልክ።

1/35 ማለት ምን ማለት ነው? ዋናው መድፍ 35 ሜትር ቢረዝም ሞዴሉ 1 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ዛሬ አብዛኛው የጦር መሣሪያ ሞዴል የሚሠራው በዚህ ልክ ነው። ግን ለምን 35? ለምን 30 ወይም 40 አልሆነም? መልሱ ያስቃል። የጃፓኑ የሞዴል ፋብሪካ ታሚያ በ1961 የጀርመኑን ፓንተር ታንክ ሞዴል ሲያወጣ ሞዴሉ በሞተር እንዲሄድ ፈልጎ ነበር። (ዓመቶቹን የምጠራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ሞተሩና ባትሪ ድንጋዩ ሆዱ ውስጥ መግባት ነበረባቸው። እነሱ በሚገቡበት ልክ ሠሩት። በኋላ ሲሰላ ወደ 1/35 ሆኖ ተገኘ። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ስንቶቻችን በሚሊ ሜትር የምንጣላበት ልክ የመጣው ከባትሪ ድንጋይ ነው።

አሁን ይህን ልክ ወደ ከባድ መድፍ አምጡት። የጀርመኗን ዶራን ውሰዱ። በባቡር ሐዲድ ላይ የምትሄድ መድፍ ናት። የአፏ ስፋት 80 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 1,350 ቶን ገደማ፣ ርዝመቷ 47 ሜትር ያልፋል። አንድ ሐዲድ አልበቃ ብሏት ለመተኮስ ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት ሐዲዶች ላይ ነበር የምትቆመው። በ1/35 ስትሠሯት 1 ሜትር ከ35 ሴንቲ ሜትር ትወጣለች። ይሄ ሞዴል ነው ወይስ የልጅ አልጋ? በ1/72 ከሠራችኋት ወደ 66 ሴንቲ ሜትር ትወርዳለች። እሷም ብትሆን ተራ መደርደሪያ ላይ አትገባም።

ዶራን ካነሳሁ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ዶራ በውጊያ የተኮሰችው ሴባስቶፖል ከተማ ላይ ነው፣ በጁን 1942። 48 ጥይት ተኩሳለች። አያችሁ፣ ሴባስቶፖል ስል አንዳንዶቻችሁ ፈገግ አላችሁ። አዎ፣ የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ስም የመጣው ከዚያችው ከተማ ነው። በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ ተከባ ስሟ ዓለምን አዳረሰ። ጋፋት ላይ ተቀልጦ የተሠራው የእኛው ሴባስቶፖል 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። የዶራ ከባዱ ጥይት፣ ልብ በሉ፣ መድፏ ሳትሆን ጥይቷ፣ እሱም 7 ቶን ገደማ ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ በገመድ እየጎተተ መቅደላ ያደረሰው መድፍ ለዶራ አንድ ጉርሻ ነው ማለት ነው። ይህን ያሰላሁ ቀን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ወደ ልክ ልመለስ። አንድ ቁጥር ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልገዋለን። በ1/35 ሞዴል ላይ 1 ሚሊ ሜትር ማለት በእውነተኛው መድፍ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። 2 ሚሊ ሜትር የምታክል የተላጠች ቀለም ብትስሉ የመዳፍ ስፋት ያህል ብረት ተላጠ ብላችኋል። ያዛችሁልኝ? 1 ሚሊ፣ 3 ሴንቲ ተኩል።

ሁለተኛው ነጥብ መገጣጠም ነው። ቶሎ ቶሎ አልፈዋለሁ፣ ምክንያቱም እዚህ ያለው ሰው በሙሉ ከእኔ የተሻለ ሙጫ ይቀባል።

ሦስት ነገር ብቻ። በርሜል በሁለት ግማሽ ፕላስቲክ ከመጣላችሁ መገናኛው መስመር እስኪጠፋ በብርጭቆ ወረቀት ትፈትጉታላችሁ። ስትፈትጉት ደግሞ ክብነቱ ይጠፋና እንቁላል ይሆናል። አፈሙዙን ከፊት ስታዩት ያስታውቃል። በርሜሉን ወደ ጎን እያዞራችሁ በጥቂት በጥቂቱ ፈትጉ፣ አለዚያም ከአሉሚኒየም በማሽን የተቀረጸ በርሜል ግዙ። እኔ ዕድሜዬ ሲገፋ የምገዛ ሆኛለሁ። አላፍርም።

ሁለተኛ፣ ሙጫ ከመንካታችሁ በፊት ወስኑ። መድፉ እየተጎተተ ነው ወይስ እየተኮሰ? በጉዞ ላይ ያለ መድፍ በርሜሉ ዝቅ ብሎ ታስሯል፣ እግሮቹ ተዘግተዋል። ለመተኮስ የቆመ መድፍ እግሮቹ ተከፍተዋል፣ አካፋዎቹ መሬት ውስጥ ተቀብረዋል፣ በርሜሉ ሰማይ ያያል። ሁለቱን የቀላቀለ ሞዴል ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ለመተኮስ ሰማይ እያየ፣ የጉዞ ማሰሪያው ግን አልተፈታም። ቢተኩስ ምን ሊሆን ነው?

ሦስተኛው የራሴ ጉድ ነው። አንድ የባቡር መድፍ ገጣጥሜ፣ ቀብቼ፣ አሳምሬ ጨረስኩ። ከታች በኩል ያለው የመንኮራኩር ዘንግ አይታይም ብዬ ቀለም አልቀባሁትም፣ ፕላስቲኩ እርቃኑን ነው። ዘንጉ ትንሽ አልገጥም ሲለኝ በጉልበት አስገብቼዋለሁ። ማታ ጥላ የሚያወጣውን ቀጭን የኢናሜል ቀለም፣ ዋሽ የምንለውን፣ ልቅም አድርጌ አፈሰስኩበትና ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ መድፉ በአንድ ጎኑ ተንበርክኳል። ዘንጎቹ እንደ ደረቅ ቅጠል ተሰነጣጥቀዋል። ዋሹ ውስጥ ያለው ማቅጠኛ፣ ቲነሩ፣ በጭንቀት ላይ ያለ እርቃን ፕላስቲክ ውስጥ ሲገባ ይሰነጥቀዋል። እና የማይታየውንም ቦታ ቅቡ። በጉልበት የገባ ነገር ካለ አውጡና ፈትጋችሁ መልሱት።

ረዚን የተባለውን ጠንካራ ፕላስቲክ የምትፈትጉ፣ በውኃ እያረጠባችሁ ፈትጉ፣ ጭምብልም አድርጉ። ብናኙ ለሳንባ አይሆንም። ይህን በቀልድ አልናገርም።

በሉ አሁን ወደ መጣሁበት።

ከዓመታት በፊት ነው። አንድ ኤግዚቢሽን ላይ የሶቪየቱን ቢ-4 አቀረብኩ። 203 ሚሊ ሜትር ሀውዘር፣ ማለትም በርሜሉን ወደ ላይ አቅንቶ የሚተኩስ መድፍ ነው፣ ከ17 ቶን በላይ ይመዝናል። ጎማ የለውም፣ እንደ ትራክተር በሰንሰለት ላይ ነው የሚቆመው። ራሱን ችሎ ግን አይሄድም፣ ይጎተታል። እሱን ለመሥራት ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። ዝገቱስ! ዝገቱን ባያችሁት። ከአፈሙዙ እስከ ጭራው ዝገት አልብሼዋለሁ። ብርቱካናማ ዝገት፣ ቡናማ ዝገት፣ ከእያንዳንዷ ብሎን ወደ ታች የሚወርድ የዝገት እንባ። ሰው ይከበዋል፣ ፎቶ ያነሳዋል። እኔ ደረቴን ነፍቼ ቆሜያለሁ።

አንድ ሽማግሌ መጡ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጎንበስ አሉ። ረጅም ጊዜ አዩት። ሊያደንቁልኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ቀና ብለው፦

«ልጄ፣ የዚህ መድፍ አዛዥ ታስሯል?» አሉኝ።

«አልገባኝም፣ አባባ።»

«ይህን ያህል እስኪዝግ ዝም ብሎ ካየ መታሰር አለበት ብዬ ነው።»

አጠገባችን የነበረው ሰው በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ሳቁ ግን ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ለካስ በወጣትነታቸው መድፈኛ ነበሩ። ወንበር ሰጠኋቸው። በርሜሉ የተቀመጠበትን ረጅም አልጋ በጣታቸው አሳዩኝ። «ሲተኮስ በርሜሉ በዚህ ላይ ነው ወደ ኋላ የሚንሸራተተው። ተንሸራትቶም ይመለሳል። እዚህ ላይ ዝገት ካለ እንዴት አድርጎ ይመለሳል? እኛ ሸሚዛችንን ሳናጥብ ይቺን ስንወለውል ነበር የምናድረው» አሉኝ።

ከዚያ በርሜሉ ሥር፣ ወደ መሐል፣ አንድ ትልቅ የተላጠ ቦታ አሳዩኝ። «ይህን ጭረት ማን ጫረው?»

ዝም አልኩ።

«እዚህ ላይ ጫማ አይደርስም። ጥይት ሲነሳም አይነካውም። እጅ አይደርስም። ማን ጫረው?»

መልስ አልነበረኝም። የጫርኩት እኔ ነኝ። ስፖንጅ ይዤ፣ ቦታው ባዶ ስለመሰለኝ።

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምነግራችሁ ነገር በሙሉ ከዚያች ጥያቄ የወጣ ነው። ብሩሽ ባነሳሁ ቁጥር የሽማግሌው ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነው። ማን ጫረው? ማን ረገጠው? ማን ነካው? ማን ቅባት አፈሰሰበት? መልስ ካላችሁ ቀቡ። መልስ ከሌላችሁ ብሩሹን አስቀምጡ።

እስኪ በዚሁ ጥያቄ መድፉን አብረን እንዙረው።

ከኋላ እንጀምር፣ ሰው ያለው እዚያ ነው። ቢ-4 የሚተኩሰው ጥይት 100 ኪሎ ነው። 100 ኪሎ! በእጅ ታቅፎ የሚጎረስ አይደለም፣ ለማንሻ የምትሆን ትንሽ ክሬን አለችው። ጥይቱ ተነስቶ የሚያርፍበት ማጉረሻ ላይ ብረት በብረት ይፋተጋል። እዚህ ቀለም አይቆይም። እዚህ ላይ እርቃን ብረት አሳዩ፣ ጭረቱም ጥይቱ በሚገባበት አቅጣጫ ይሁን፣ ከኋላ ወደ ፊት፣ ረጃጅም። ማን ጫረው? ጥይቱ ጫረው። መልስ አለን።

መዝጊያውስ? መዝጊያው አይቀባም፣ እርቃኑን የሚያብረቀርቅ ዘይት የጠጣ ብረት ነው። በብር ቀለም ከመቀባት ይልቅ ጥቁር ግራጫ ቀብታችሁ በለስላሳ እርሳስ ጠርዝ ጠርዙን እሹት። የእርሳሱ ግራፋይት የብረት ወዝ ይሰጠዋል። ከዚያ ማዕዘኖቹ ላይ ጠቆር ያለ ቅባት። ግራሶ እዚያ ነው የሚጠራቀመው።

እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፣ ቢ-4 አጠገብ የናስ ቀለሃ የምትደረድሩ አላችሁ። ያምራል፣ አውቃለሁ። ግን ቢ-4 ባሩዱን የሚጎርሰው በከረጢት ነው። ቀለሃ የለውም። ያንን ቀለሃ ማን አመጣው?

በርሜሉን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት፣ ወደ ጎን የሚያዞሩት ማዞሪያዎች አሉ። ቀኑን ሙሉ ሰው ይይዛቸዋል። የሚያዝበት ቦታ ቀለሙ ያልቃል፣ ብረቱ በእጅ ላብ ይወለወላል። ከመሐል ያለው ግን ቀለሙ እንዳለ ነው። ይህን ልዩነት የምታሳይ አንዲት የእርሳስ ምልክት ሙሉ በርሜል ዝገት ታስንቃለች። ለእኔ ሞዴሉ ነፍስ የሚዘራው እዚያች ላይ ነው። ሰዎች ለምን ሰው የሚገድል ነገር ትሠራለህ ይሉኛል። ጥያቄው ከባድ ነው፣ በቀልድ አላልፈውም። እኔ ማዞሪያው ላይ ስደርስ የማስበው ያንን ያዞረውን ልጅ ነው። አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ ዓመቱ ይሆናል። እጁ በርዶት ይሆናል። ጆሮው ደንቁሮ ይሆናል።

እሺ። ወደ ታች እንውረድ። ሠራተኞቹ የሚቆሙበት፣ የሚረግጡት፣ የሚወጡበት ቦታ ሁሉ ጫማ ያውቀዋል። እዚህ ቀለሙ በአንዴ ተቦጭቆ አይነሳም፣ እየሳሳ ነው የሚያልቀው። መጀመሪያ ወዙ ይጠፋል፣ ከዚያ ይነጣል፣ በመጨረሻ ብረቱ ጫፍ ጫፉ ላይ ብቅ ይላል። መሬት ውስጥ የሚቀበረው አካፋ ደግሞ ሌላ ነው። መድፉ በተኮሰ ቁጥር አፈሩ ውስጥ ይገፋል። አፈር ብርጭቆ ወረቀት ነው። ስታወጡት ቀለም የለውም፣ ብረቱ ተወልውሏል፣ ላዩ ላይ ደግሞ እርጥብ ጭቃ አለ። የሚያብረቀርቅ ብረትና ጭቃ አንድ ላይ! ብዙዎቻችን ግን አካፋውን ዝገት እንቀባዋለን።

አፈሙዙስ? ኧረ በአፈሙዙ ጥቀርሻ አታብዙ! ኤርብራሽ፣ ቀለም መርጫውን፣ የያዘ ሰው በሙሉ በርሜሉን እንደ ምድጃ ጭስ ማውጫ ማጥቆር ይወዳል። ጠርዙ ላይና ወደ ውስጥ ይበቃል፣ ያውም ግራጫና ቡናማ የተቀላቀለበት። ይልቅ የሚረሳውን ልንገራችሁ። ከባድ መድፍ ሲተኩስ ከበታቹ ያለውን አቧራ ያስነሳል። ያ አቧራ መልሶ የሚያርፈው መድፉ ላይ ነው። አግድም የሆነ ነገር ሁሉ አቧራ ይለብሳል። እጅ የሚነካው ቦታ ደግሞ ከአቧራው መሐል ጠርቶ ይታያል።

አሁን ስለ ጭረቱ አሠራር።

አንድ ምስጢር ልንገራችሁ፣ ለባለቤቴ አትንገሩብኝ። የፀጉር ስፕሬይ። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ ግን ደረጃ በደረጃ ልናገረው፣ ምክንያቱም ሰው የሚሳሳተው በትዕግሥቱ ላይ ነው። ከታች የሚታየውን ቀለም ትቀባላችሁ፣ ብረት ከሆነ ጥቁር ቡናማ። ሲደርቅ በፀጉር ስፕሬይ ስስ ስስ አድርጋችሁ ሁለት ጊዜ ትነፉበታላችሁ። እሱም ይደርቃል። ከዚያ የላዩን ቀለም በአክሪሊክ፣ በውኃ በሚቀጥነው ቀለም፣ ትቀባላችሁ፣ አክሪሊክ መሆን አለበት። ወፍራም አታድርጉት። ከዚያ አትተኙ! በማግስቱ ከመጣችሁ ቀለሙ ጠንክሮ እምቢ ሊላችሁ ይችላል። በዚያው ቀን፣ ቀለሙ እጅ መያዝ ሲተው፣ ለብ ያለ ውኃ በብሩሽ አርጥቡት። ትንሽ ጠብቁ። ውኃው በቀለሙ በኩል ገብቶ ስፕሬዩን ያሟሟዋል። አሁን በአሮጌ አጭር ብሩሽ ጠርዙን ነካ ነካ አድርጉት። መጀመሪያ ምንም የለም። ነካ ነካ። አሁንም ምንም የለም። «ተበላሸ» ብላችሁ ስትነሱ፣ ብጥስ ብላ አንዲት ቅንጣት ትነሳለች። ከሥሯ ቡናማው ብቅ ይላል። እመኑኝ፣ ያቺ ቅጽበት ሱስ ናት። ሱሱ ነው ጠላታችሁ። እዚያው ላይ ማቆም አለባችሁ። አንዱ ወዳጄ ሳያቆም ቀርቶ አንድ ሙሉ የመድፍ ጋሻ ላጠ።

ለትናንሽ ጭረት ስፖንጅ ይበቃል። ቁራጯን በወረንጦ ያዙ፣ ቀለም ነክራችሁ ወረቀት ላይ ካደረቃችሁ በኋላ ጠርዙ ላይ ነካ አድርጉ። በሁለት ደረጃ ሥሩት። መጀመሪያ ከመድፉ ቀለም ትንሽ የነጣውን። ይሄ ቀለሙ ተፋቀ እንጂ ብረት ላይ አልደረሰም ማለት ነው። ከዚያ በዚያ መሐል፣ በጣም ትንሽ፣ ጥቁር ቡናማ። ይሄ ብረት ላይ የደረሰው ነው። የነጣው ብዙ፣ ቡናማው ጥቂት። ያንን ቁጥር ታስታውሳላችሁ? 1 ሚሊ፣ 3 ሴንቲ ተኩል። ብሩሻችሁ ከዚያ በላይ ምልክት ሲጥል «የምን መዶሻ ነው ይህን የመታው?» በሉ።

ከሥር የሚወጣው ቀለምስ ሁልጊዜ ብረት ነው? አይደለም! ጀርመኖች እስከ ፌብሩዋሪ 1943 ድረስ መሣሪያቸውን ጥቁር ግራጫ ነበር የሚቀቡት። ከዚያ በኋላ የአሸዋ ዓይነት ቢጫ መሠረት አደረጉ። እንግዲህ በ1941 የተሠራ መድፍ በ1944 ሞዴል ስታደርጉት፣ ቢጫው ሲፋቅ መጀመሪያ የሚወጣው ግራጫው ሊሆን ይችላል። ብረት ቀጥሎ ነው። አንዲት ጭረት ሦስት ዓመት ታወራለች። ይሄ አያምርም?

ዝገትን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ዝገት ክልክል ነው አላልኩም። ሽማግሌውም አላሉም። ቀጫጭን ቆርቆሮ፣ የመሣሪያ ሣጥን፣ የሰንሰለቱ ሳንቃ ይዝጋል፣ ቶሎም ይዝጋል። አዲስ ዝገት ብርቱካናማ ነው፣ የቆየው ወደ ጥቁር ቡናማ ይሄዳል። ቦታው ላይ ግን አስቡ። እንዲያውም አንድ የማውቀው ልጅ የአፄ ቴዎድሮስን ሴባስቶፖል በራሱ እጅ ቀርጾ አሳየኝ። ቅርጹ ግሩም ነው፣ ዝገቱ ግን ብርቱካናማ! ሴባስቶፖል የመዳብ ቅይጥ ነው። መዳብ እንደ ብረት አይዝግም፣ ይጠቁራል፣ አረንጓዴ ሊያወጣ ይችላል። በ1586 የተቀለጠው የሞስኮው የንጉሡ መድፍም እንደዚያው ነሐስ ነው። የዘመኑን ኤም 777 የተባለ ሀውዘር የምትሠሩም ተጠንቀቁ፣ በርሜሉ ብረት ቢሆንም በርሜሉን የሚሸከመው አካል ብዙው ቲታኒየም ነው። ቲታኒየም ዝገት አያውቅም። ማን አዛገው?

ሌላው ወጥመድ ፎቶ ነው። ሊዮፖልድ የተባለውን የጀርመን የባቡር መድፍ ብዙዎቻችሁ በፎቶ ታውቁታላችሁ። በ1944 ጣሊያን ውስጥ ተማርኮ አሜሪካ ሄደ። እዚያ ለአሥርት ዓመታት ሜዳ ላይ ቆሟል። ዝናብ ወርዶበታል፣ ጎብኚ ወጥቶበታል፣ እየተቀባም ኖሯል። የዚያን ፎቶ አይታችሁ «ይሄው ዝገቱ» ብትሉኝ፣ የምታሳዩኝ የሙዚየም ዝገት ነው። የጦርነት ዝገት አይደለም። ለብሎንና ለቅርጽ የዛሬውን ፎቶ እዩ። ለጉስቁልናው የዘመኑን ጥቁርና ነጭ ፎቶ እዩ።

ወንድሜ እጁን አወጣ። አየሁህ፣ አየሁህ። ሁለት ደቂቃ ብቻ።

ቅደም ተከተሉን ልናገርና ላብቃ፣ ጀማሪዎች ስለጠየቃችሁኝ። መጀመሪያ የመሠረት ቀለሙ፣ ፕራይመር የምንለው፣ ከዚያ የመድፉ ቀለም በአክሪሊክ፣ ከዚያ ጭረቱ። ከዚያ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ፣ በደንብ ይድረቅ፣ አንድ ቀን ስጡት። በላዩ ላይ የኢናሜል ዋሽ፣ ግን እንደ እኔ አታፍስሱት፣ በቀጭን ብሩሽ ብሎኑ ዙሪያና ስንጥቁ ውስጥ ብቻ። ከዚያ የዘይት ቀለም ለዝናብ ፈሳሽና ለቅባት። የዘይቱን ቀለም መጀመሪያ ካርቶን ላይ አውጡት፣ ካርቶኑ ዘይቱን ይጠጣውና ሲደርቅ አያብረቀርቅም። ከዚያ ማት፣ የማያብረቀርቀው፣ ቫርኒሽ። የዱቄቱ ቀለም፣ አቧራውና ጭቃው፣ መጨረሻ ነው። በእሱ ላይ ቫርኒሽ አትንፉ፣ አቧራችሁ ወዲያው ይጠፋል። የምታብረቀርቀውን ግራሶ ደግሞ ከሁሉም በኋላ፣ በስቴኪኒ ጫፍ።

ጥያቄ ያለው ሰው እዚያ ጠረጴዛው ጋ ይምጣ። ሁለት ቢ-4 አምጥቻለሁ። በግራ ያለው ያ የዛገው ነው፣ አዛዡ የታሰረበት። ልጥለው ነበር፣ አልቻልኩም። በቀኝ ያለው ባለፈው ወር ያለቀው ነው። በቀኙ ላይ «ማን ጫረው?» የሚያሰኝ ቦታ ካገኛችሁ ንገሩኝ። አንድ ቦታ አለ፣ እኔ አውቀዋለሁ፣ አልነግራችሁም። ማዞሪያዎቹን በመብራት እዩልኝ።

እና እባካችሁ፣ በርሜሉን ይዛችሁ እንዳታነሱት። አልተጣበቀም፣ ይንሸራተታል።

እግዜር ይስጥልኝ።